ያን ቀን ያላሰለፍኩት አምበል

ቡድኑን የያዝኩት ሌላ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አሰልጣኝ በሙያው የተማረ ሰው ነበር፤ መንገዱ ተከፈተ ተዘጋ ሲባል ተሰላችቶ ቤተሰቡን ይዞ ከደብረ ማርቆስ ወጣ። እኔ አናጺ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ስለ እግር ኳስ የማውቀው በወጣትነቴ ከተጫወትኩት፣ ከሬዲዮ ከሰማሁትና ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ደጋግሜ ካነበብኩት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የአሰልጣኞች መጽሐፍ ያገኘሁትን ነው። ያልገባኝን ልጆቼን እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ያስቃቸዋል፣ ግን ፊት ለፊቴ አይስቁም። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አባት ነኝ፤ ይህን ስጽፍ ልደብቀው አልፈልግም።

ያ ዓመት በጣም አደከመን። ስልክ ለወራት አይሠራም ነበር። መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋል። እኛ ልንወጣ ስንዘጋጅ ሚኒባሱ ይቀራል፣ እንግዳ ቡድን ስንጠብቅ እንግዳው ይቀራል። ከተጫዋቾቼ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ነበር፤ የቀሩት ሲሠሩ ውለው ደክሟቸው ነው ልምምድ የሚመጡት። ሜዳችን ጧት የከብት መዋያ ነው። ክረምት ሲገባ መሐሉ ውኃ ይቋጥራል፤ በበጋ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ታኬታ ለሁሉም አይበቃም ነበርና ቅያሪ ባደረግን ቁጥር የሚወጣውና የሚገባው ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብለው ክር ሲፈቱና ሲያስሩ ዳኛው ይቆጣል፣ ተመልካቹ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

ለልጆቹ የምሰጠው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ሥርዓት ሰጠኋቸው። የረፈደበት አይሰለፍም፤ የዋሸም አይሰለፍም። አንድ ጊዜ ዋናው አጥቂያችን ታምሜ ነው ብሎ ከልምምድ ቀረና ውርርድ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። በሚቀጥለው ጨዋታ አላስገባሁትም፤ ተሸነፍን፤ አልጸጸተኝም። ሜዳ ላይ ከኋላህ አለሁ ያለህ ሰው ከሌለ ግብ ይቆጠርብሃል፣ ስለዚህ ውሸት ሌላ ቦታ ይደበቅ ይሆናል፣ እዚህ ግን ወዲያው ይታያል እላቸው ነበር። ይህን ስጀምር ልጆቹ በዓይናቸው እንደሚጠቃቀሱ አውቃለሁ። ስብከቱ ተጀመረ ማለታቸው ነው። ቢሆንም አላቆምኩም፤ ከሚጠቃቀሱት ውስጥ የሚሰማ አንድ አይጠፋም።

አምበላችን የመሐል ተከላካይ ነበር። ከይጁቤ ወዲያ ካለ ገጠር ለትምህርት መጥቶ፣ ትምህርቱ ሲቋረጥ እዚሁ ቀርቶ፣ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ልምምድ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ ጓደኞቹ ሽማግሌው ይሉታል። ስሙ ተስማምቶታል። አይጮህም፣ ዳኛ ላይ እጁን አያወናጭፍም፣ በረኛው ግብ ሲገባበት ሄዶ ኳሱን ከመረቡ የሚያወጣለት እሱ ነው። አባቱን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ለገበያ መጥተው ሜዳው ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው ኳስ ማባረሩን እንደማይወዱለት፣ ነገር ግን ጠባዩ ሲያምር እንዳዩ ነገሩኝ። ይህን ያደረገው ኳሱ ከሆነ ይቀጥል አሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አደራ ብለውኝ ሄዱ።

የእሱ ተጠባባቂ የገዛ ልጄ ነበር። ልጄ ደህና ተከላካይ ነው፣ ከአምበሉ ግን አይደርስም። ይህን እሱም ያውቀዋል። በአድልዎ እንዳልታማ ስል ከሚገባው ያነሰ ነው ያጫወትኩት፤ እናቱ ይህን ነገር አንስታ ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

የዚያን እሁድ ጨዋታ ካሸነፍን በዞኑ ውድድር እንቆያለን፣ ካላሸነፍን እንወርዳለን። የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ በችግር ጊዜ ቡድኑን ያልተለየ ሰው ስለሆነ አከብረዋለሁ። ከወረድን ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ለማልያና ለመኪና የሚለምንበት ፊት እንደማይኖረው በግልጽ ነግሮኝ ነበር። ልጆቹም ያውቁታል። ብዙዎቹን ከተማው ውስጥ ያቆያቸው ይህ ቡድን ነው፤ ቡድኑ ከፈረሰ እነሱም ይበተናሉ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ከቤት ልወጣ ስል ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። ከጉልበታቸው በታች ጭቃ ነው። የአምበሉ አጎት መሆናቸውን፣ የአባቱ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን ነገሩኝ። መኪና ስላልነበረ በእግራቸው ነው የመጡት። አስቀመጥኳቸው፤ ውኃ ጠጡ፤ ዙሪያቸውን አይተው ልጁ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ወንድማቸው ሞተው መቀበራቸውን ነገሩኝ። ሆዳቸውን ታመው ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና አልተገኘም። ጋቢያቸውን አየሁ። እንደ ሐዘንተኛ አልለበሱትም። ልጁ ድንገት መንገድ ላይ ቢያየኝ እንዳይደነግጥ ብዬ ከተማ ስገባ አስተካከልኩት አሉኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሰው ምሳ እየበላ ወይም መንገድ ላይ ቆሞ አይረዳም። ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ሲወድቅ የሚይዙት እጆች በዙሪያው እያሉ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁ ሁሉ ይደብቁታል። አብረውት ይበላሉ፣ ያጫውቱታል። ይህን ማንም ውሸት አይለውም።

አጎቱ ወደ እኔ የመጡት ልጁ ከተማው ውስጥ ሌላ ትልቅ ሰው ስለሌለው ነው። ጎረቤቶቹን ሰብስበን ነገ ጧት እናረዳዋለን ብለው ወሰኑ። እስከዚያ እንዳልነግረው ቃሌን ሰጠኋቸው። ስለ ጨዋታው ከመንገድ ሰምተው ኖሯል።

«ይጫወት» አሉኝ። «ልጅ ነው፣ አላወቀም። ያላወቀ ሰው በሐዘን ቀን ቢዘፍን እንኳ አይፈረድበትም። ዛሬን እንደልቡ ይዋል።»

ሰብሳቢው በዚህ መሐል ደረሰና ነገሩን ሰማ። አዘነ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። ከዚያ እሱም እንደ አጎቱ አሰበ። ልጁ ነገ እንደሚሰማ የታወቀ ነው፣ እንግዲህ ዛሬ ቢጫወት ምን ይጎዳዋል አለኝ። ሁለቱም ክፉ አልተናገሩም። እኔ ግን እሺ ማለት አልቻልኩም።

እሺ ማለት ያልቻልኩት እናቴ የሞተች ጊዜ ሰርግ ላይ ስለነበርኩ ነው። ደብረ ወርቅ አካባቢ የጓደኛዬን ሙሽራ ልናመጣ ሄደን፣ የእናቴ መርዶ እዚያ ድረስ ተልኮ፣ ሰርጉ እስኪያልፍ እንዳይነገረኝ ተወሰነ። እስክስታ ወረድኩ። ሰዎች ክብ ሠርተው አጨበጨቡልኝ። በማግሥቱ ስረዳ ከእናቴ ሞት ቀጥሎ ያሰብኩት ያንን ክብ ነው፤ ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሰርግ ላይ አልጨፈርኩም። ሰው ሃይማኖት አጥባቂ ስለሆነ ነው ይላል፤ እኔም ይህን ለማንም አልነገርኩም።

መናገር አልችልም፤ ማረዳት የዘመድ ሥራ ነው፣ እኔ ባዳ ነኝ። ማስገባትም አልቻልኩም፤ ግብ ቢያገባ ሲፈነድቅ ልናየው ነው። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። አላሰልፈውም፣ ምክንያቱንም አልነግረውም። እንዲህ ካደረግሁ አልዋሸሁም አልኩ በልቤ።

ሜዳው ላይ አሰላለፉን ስናገር በእሱ ቦታ የልጄን ስም ጠራሁ። ልጄ ራሱ ስሕተት መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። አምበሉ ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት ፈትቶ ለበረኛው ሰጠና ጃኬቱን ለብሶ ተጠባባቂዎቹ ጋ ተቀመጠ። ታኬታውንም አውልቆ ለልጄ ሰጠው፤ የልጄ ጫማ ተሰንጥቆ ነበር።

ጨዋታው እንደተጀመረ ተመልካቹ ነገሩን አየ። የቤተሰብ ቡድን ነው አሉን። ልጄ አንድ ኳስ ሲያመልጠው ከኋላዬ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ልጁ ከደከመው ባለቤትዎን ያስገቡልን እንጂ» አለ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዞሬ አላየሁም። አጎቱ ከሰው ኋላ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው እንደነበር አይቻለሁ። ልጁ እንዳያያቸው አደራ ብዬአቸው ነበር፤ ነገር ግን ከቤት አልቀር አሉ፤ የወንድማቸው ልጅ ሲጫወት አይተው አያውቁም።

ከዕረፍት በፊት ግብ ተቆጠረብን። ጥፋቱ የልጄ ነው፤ ሰውየውን ለቀቀው። በዕረፍት ጊዜ ሰብሳቢው ወደ ጎን ጠራኝ። አልጮኸም። ሰዎቹ እያዩህ ነው፣ ለልጅህ ያደላህ መስሏቸዋል፣ ስምህንም ቡድኑንም ይዘህ መውደቅህ ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ካወቅህ ለምን አለኝ። ወደ ልጆቹ ተመለስኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ እየሄደ ነው። አምበሉ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቤ መጥቶ ቆመና ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ። ካላጠፋሁ ግን ለልጅዎ ብለው ነው ማለት ነው።»

ለልጄ ብዬ አይደለም አልኩት። ታዲያ ለምንድን ነው አለኝ። ያ ልጅ በእኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥርዓት ያልወጣ ልጅ ነው፤ እኔ የመለስኩለት ውለታ ደግሞ ይህ ሆነ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁና አይዞህ አልኩት።

ያ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ልጆቹ ሲሸነፉ፣ ሲጎዱ፣ ግብ ሲስቱ፣ የምላቸው ሥራህን ሥራ ነው። አይዞህ የሚባለው ለታመመና ሰው ለሞተበት ነው፣ ለሳተ ኳስ አይባልም ብዬ ከልክያቸው ነበር። እርስ በርሳቸው ሲሉት ብሰማ እንኳ እቆጣለሁ። እኔ ራሴ ያወጣሁትን ሕግ በዚያች ደቂቃ ረሳሁት፤ እሱ ግን አልረሳውም።

ትከሻው እጄ ሥር ደነደነ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ማን ነው?» አለኝ።

ምን ሆነ አላለም። ማን ነው ነው ያለው። ዓይኔን ወደ ሜዳው መለስኩ። «አባቴ ነው?» አለ። ኳሱ ወጥቶ ስለነበር ሁሉም ቆሟል፤ የማየው ነገር አልነበረም፣ ግን ማየቴን አላቆምኩም። አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ነገ ሰዎች ያናግሩሃል ብቻ አልኩት።

ጃኬቱን አንገቱ ድረስ ዘጋ። ከዚያ ዙሪያውን መቃኘት ጀመረ፤ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ከባሕር ዛፎቹ ሥር አጎቱን አየና ቶሎ ብሎ ፊቱን መለሰ።

«በእግሩ ነው የመጣው?»

በእግራቸው ነው አልኩት።

«ያወቅሁ እንዳይመስለው» አለኝ። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ደግ አድርጎ ሊያረዳኝ ነው። አበላሹብኝ ብሎ ያዝናል። ጋሼ፣ ያስገቡኝ። እዚህ ከተቀመጥኩ አልችልም። እየሮጥኩ ግን እችላለሁ።»

ልጄን አስወጣሁ። መስመሩ ላይ ቁጭ ብለው የታኬታውን ክር ሲፈቱ ተመልካቹ ያጨበጭብ ነበር፤ አሰልጣኙ በመጨረሻ ልብ ገዛ መሰላቸው። አምበሉ ያሰረው ክር ሁለት ጊዜ ሲፈታበት ልጄ ጎንበስ ብሎ አሰረለት። ምንም አልጠየቀም። ያን ዕለት በልጄ ኮራሁ፤ እስካሁን አልነገርኩትም።

ቀሪውን ጨዋታ እንዴት እንደተጫወተ ሰዎች አሁንም ያነሱታል። አንድም ሰው አላለፈውም። ማዕዘን ምት ባገኘን ቁጥር ወደፊት ሮጦ ይሄዳል፣ መልሶ ሮጦ ይመጣል፤ ሲቆም አላየሁትም። ከዛፎቹ ሥር አጎቱ ዱላቸውን ከፍ አድርገው የወንድሜ ልጅ፣ የወንድሜ ልጅ ይሉ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰብሳቢ ይህን ሰምቶ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ግብ ግን አላገባንም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን፤ ወረድን። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተዘርግተው አለቀሱ፤ አምበሉም ከእነሱ ጋር ተዘርግቶ አለቀሰ። በዚያ መሐል ለምን እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔ መሸነፋችንን የጠላሁትን ያህል ለእሱ የሚያለቅስበት ቦታ ስለተገኘ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ የተከራየባት ክፍል በር ላይ ቆምን፤ አጎቱ፣ እኔ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ አከራይዋና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች። አጎቱ አንኳኩተው በስሙ ጠሩት። ልብሱን እንደለበሰ ነው ያደረው። በሩን ከፍቶ ሁላችንንም አየን፤ አጎቱን ሲያይ እንደሚገባው ደነገጠ፣ እንደሚገባው ሳማቸው፣ እንዲገቡ ጋበዘ። በልቤ አደነቅሁት። ያላወቀ መስሎ ሁሉን ነገር በሥርዓት እየሠራ ነው አልኩ።

አጎቱ ጀመሩ። አባትህ ሆዱን ታሞ ነበር አሉት። ሰሞኑን ጠንቶበት ነበር አሉት።

«ተሻለው?» አላቸው።

ይህን የጠየቀበትን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። ማስመሰል አልነበረም። እኔ ሜዳው ላይ አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም፤ እሱ በዚያች ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ያላልኳትን ቃል ይዞ አድሯል። ምናልባት ታሞ ብቻ ነው ብሎ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ነው ብሎ። ዓይኑ ከአጎቱ ፊት ወደ እኔ ፊት መጣና ጠበቀ። አጎቱ አረፈ አሉት። ያን ጊዜ ነው የወደቀው፤ ሁላችንም የቆምነው ለዚያ ነበርና ያዝነው።

ከረፋዱ በኋላ ወደ ሐዘኑ ቤት ጉዞ ጀመርን። ሚኒባስ ስላልተገኘ ቡድኑ ሁሉ በእግሩ ተከተለ፤ የወረደ ቡድን ነው፣ ግን ማንም አልቀረም። ሰብሳቢውም ሱቁን ዘግቶ መጣ። አምበሉ ከፊት በጓደኞቹ መሐል ይሄዳል፤ ልጄ ጃኬቱን ይዞለታል። የይጁቤ መንገድ ላይ ስንደርስ አጎቱ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዙረው ለብሰው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ሲያስቡበት የቆዩት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ። «ትናንት ሲጫወት ሳየው፣ ይህ ልጅ ሰምቷል እንዴ አልኩ። እንዲያ የሚሮጥ ሰው አላየሁም። ነግረውት ነበር?»

«አልነገርኩትም» አልኳቸው።

ቆመው በረጅሙ ተነፈሱ። ከቃልዎ ስላልወጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ ወጉ ስላረዳሁት የወንድሜንም ነፍስ ደስ ይላታል አሉኝ። ጎንበስ ብለው እጄን ይዘው ሳሙት። እጄን ማስለቀቅ ነበረብኝ፤ አላስለቀቅሁም። መንገዱ ሩቅ ስለነበር ዱላቸውን ተደግፈው ቀጠሉ፣ እኔም ከጎናቸው ቀጠልኩ።